ሦስት ኩባያ ዘይት ለጎሬ ዳገት

ባለፈው ማክሰኞ ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ቅባት ልገዛ ወጥቼ በመቱ መናኸሪያ በኩል ሳልፍ አንድ ሽታ አስቆመኝ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን በነጠላው ሸፍኖ ያልፍ ነበር። እኔ ግን የዕድሜዬን ግማሽ ዘይት የሸጥኩ ሴት ነኝና ናፍጣ ሲጨስና ዘይት ሲጨስ ያለውን ልዩነት፣ ሌላዋ ሴት ሽንኩርት ማረሩን እንደምትለየው እለየዋለሁ። ዞር ብዬ ባይ አንድ ሚኒባስ ተራውን ይጠብቃል፤ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከውስጡ ደግሞ ያ የማውቀው ቀጭን ፉጨት ይሰማል። የሱቅ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ሹፌሩ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጺሙን አሳምሮ የተቆረጠ ሰው ነው፤ የፈራሁት ጭሱን መስሎት፣ «አይዞዎት ማዘር፣ ምንም አይደለም፤ ጋራዥ ጣሳ ሠርተውብኝ ነው» አለኝ። ጣሳ ሠሩብኝ። የዛሬ የመቱ ሹፌር ሁሉ ለተበላሸ ጥገና የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ግን አንዱም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት አፌን ዘግቼ የያዝኩት ነገር ስለሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አልመልስም። ክልል የሚባለው መጥቶ፣ የየቢሮው ታፔላ በቁቤ ከተጻፈ በኋላ፣ ሞባይል የሚባለው ግን ገና ለመቱ ሳይደርስ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ያውም ስኳሩ እስኪሞላ። አስፋልቱ ስላልመጣ ሰው ሁሉ ጫማው ቀይ ነው፤ የዞን መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ብቻ ኮንጎ ጫማ አድርገው ይመጡና ቢሮ በር ላይ በባለ ተረከዝ ይቀይሩ ነበር። ወንዶቹ የጂንስ ጃኬት ለብሰው አንገትጌውን ያቆሙታል። መናኸሪያው ማዕዘን ላይ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ የወደደውን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያስደግመው እኔ ዘይት እየቀዳሁ ሳላስበው አብሬ አንጎራጉር ነበር። የኔ ሱቅ ከካሴት ቤቱ ወረድ ብሎ፣ የቆርቆሮ በረንዳ ያላት ነበረች። ሁለት በርሜል ዘይት፣ አንድ የእጅ ፓምፕ፣ ማፍሰሻ እንዲሆን ወገቡ ላይ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የቆርቆሮ ኩባያ፤ ዕቃዬ ይኸው ነው። ከጎኔ የዲንሳ ጋራዥ ነበር። ጋራዥ ከተባለ፤ አንድ ጉድጓድና አንድ የዋንዛ ዛፍ ነው። ዲንሳ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፣ ዝምተኛ፣ ሞተር ከመፍታቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ከጋምቤላ የሚመለስ ሹፌር ሳይቀር መኪናውን እያንገዳገደ እሱ ዘንድ ያመጣዋል።

የምርቃቴን ነገር መናገር አለብኝ፤ ጣጣው የመጣው ከሱ ነውና። እናቴ ጎሬ ገበያ ማር ትሸጥ ነበር። መዝና ከጨረሰች በኋላ አንድ ጭልፋ ሳትጨምር እጇን አታነሳም፤ ምርቃት የሌለው ሽያጭ ከስርቆት አይሻልም ትል ነበር። እኔም ዘይት ስሸጥ የሷን ወግ ያዝኩ። ከሶር በኩል የሚመጡት ገበሬዎች ለወፍጮ ሞተራቸው ሲገዙ «ናፍ ደበሊ» ይሉኛል፣ ጨምሪልኝ ማለታቸው ነው፤ እኔም ሳይሉኝ ጨምሬ እጠብቃቸዋለሁ። ሹፌሮቹም የተመረቀ ነገር አይመለስም ብለው የተረፈውን ሁሉ ሞተሩ ውስጥ ይደፉታል። በዚያን ጊዜ የነበሩት አሮጌ የጭነት መኪኖች ደግሞ ይህን ይችሉት ነበር። ግማሹን ያቃጥሉታል፣ ግማሹን መንገድ ላይ ያንጠባጥቡታል፣ ከመቱ እስከ በደሌ ያለው መንገድ የኔን ምርቃት የጠጣ ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። በዘይት መብዛት የሞተ ሞተር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወንድሜ መስፍን ቱርቦዋን አመጣ። ጎሬ ያለውን የአባታችንን ቤት ሸጠን ነው። ግማሹ የኔ ነበር፤ አንተ ወንድ ነህ፣ ሥራበት ብዬ ሰጠሁት። መኪናዋ ያገለገለች የናፍጣ ሚኒባስ ናት፤ ጎኗ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል ቱርቦ ተብሎ ተጽፎባታል፣ ሞተሯ ከፊት ወንበር ሥር ነው። የጎሬን ዳገት ሌሎቹ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ሲወጡ እሷ እያፏጨች ታልፋቸዋለች። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ተራ ስለሚይዝ መስፍን በአንድ ወር ውስጥ የመናኸሪያው ንጉሥ ሆነ። እኔም ፉጨቷን ከሩቅ ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር፤ አልዋሽም።

ችግሩ መኪናዋ ዘይት መትፋት መጀመሯ ነው። ዲንሳ ሦስት ቀን አዳመጣትና ለሁለታችንም ሱቄ በረንዳ ላይ አስረዳን። ማንኛውም ሞተር እሳቱ ሁሉ ሥራ ላይ አይውልም፤ ጥቂቱ በፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻ በሚሉት በኩል ሾልኮ ወደ ሆዱ፣ ኮፓ ወደሚሉት ይወርዳል። ሆዱ ካልተነፈሰ ይነፋና ዘይቱን በየስንጥቁ ይገፋዋል። ስለዚህ መተንፈሻ ቱቦ አለው። የድሮዎቹ ትንፋሻቸውን መሬት ላይ ይለቁታል፤ ይህች ግን ቱቦዋ አየር ወደ ሞተሩ ወደሚነፋው ወደ ቱርቦው አፍ የተመለሰ ነው፣ የራሷን ትንፋሽ መልሳ ትውጣለች። ትንፋሹ ዘይት ካዘለ ዘይቱንም ትውጣለች። ይህን ብሎ አንድ ነገር ሠራላት። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ወሰደ፣ ውስጡን በድስት ማጠቢያ ሽቦ ሞላ፣ በመተንፈሻው ቱቦ መሐል አስገባው። ትንፋሹ በሽቦው ሲያልፍ ዘይቱ ጣሳው ውስጥ ይቀራል፣ አየሩ ብቻ ያልፋል። በየቅዳሜው ጣሳው ይደፋል። ሠራ። ጭሱ ጠፋ። ከዚያ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ አወጣና በላይኛው ምልክት ላይ ጥፍሩን አስቀመጠ፤ ከዚህ ካለፈ የሚሽከረከረው የሞተሩ ክራንክ ዘይቱን እንደ እርጎ ይንጠዋል፣ አረፋው ጣሳውን ሞልቶ ወደ ቱርቦው ይሄዳል፣ ለናፍጣ ሞተር ደግሞ ዘይትም ነዳጁ ነው፤ አንዴ ዘይት መጠጣት ከጀመረ ቁልፍ አያጠፋውም አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ደንበኞች ቆመው ነበር። በነሱ ፊት ወደኔ ዞረና፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ማሎ፣ ለዚህች ምርቃት አይጨምሩ» አለኝ።

ማሎ ብሎ ለምኖኛል እኮ። እኔ ግን ልመናውን አልሰማሁም፤ የሰማሁት በሰው ፊት የእናቴን ወግ መንካቱን ብቻ ነው። ለማንም የምሰጠውን ለገዛ ወንድሜ ልከለክል? ያን ዕለት ፊቴን አጠቆርኩበት፤ ሰላምታዬንም አሳጠርኩ። እልኸኛ መሆኔን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ፤ ሞኝ መሆኔን ግን እስከዚያ ሳምንት ድረስ እኔም አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ የአባታችን የሰባት ዓመት ተዝካር ጎሬ ነበር። ቀኑም የገበያ ቀን ስለሆነ መስፍን መንገደኛ ሊጭን፣ እኔ ወጡን በትልቅ ድስት ይዤ ፊት ልቀመጥ፣ ዲንሳም ጣሳውን ከሠራ ወዲህ መኪናዋ ረጅም ዳገት ስላልወጣች አብሮ ሄዶ ሊያዳምጣት ተስማማን። ጠዋት ዲንሳ ዘይቱን ለካ፣ በምልክቱ ልክ መሆኑን አየ፣ ዘጋ፣ እጁን ሊታጠብ ሄደ። መስፍን መንገደኛ እየጠራ ነበር። መኪናዋ ሱቄ በር ላይ ቆማለች። የፊቱን ወንበር አነሳሁ። የዘይት መሙያዋን ክዳን ከፈትኩ፣ የተቆረጠውን ጠርሙስ ሰካሁና ሦስት ሙሉ ኩባያ ጨመርኩ። አንዱ ለወንድሜ፣ አንዱ ለመንገዱ፣ አንዱ ለአባቴ ነፍስ። ኩባያዬን ከሞተሩ አጠገብ ባለው ብረት ላይ አስቀምጬ ክዳኑን አጠበቅኩ፣ ኩባያውን አንስቼ ወንበሩን መለስኩ፣ ድስቴን አቅፌ ተቀመጥኩበት። በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እስከ ዳገቱ እግር ደህና ሄድን። ከዚያ አንድ ሌላ ሚኒባስ ቀደመንና መስፍን እልህ ያዘው። ነዳጁን ረገጠ። ፉጨቷ ወትሮ ከማውቀው ቀጠነ። ዲንሳ ከኋላዬ ነበር፤ አንገቱን አስግጎ ወደ ኋላ መስታወት ሲያይ አየሁት፤ እኔም አየሁ፤ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሸፍኖታል። ዲንሳ መስፍንን ቆም በል፣ ዘይቱን ልየው አለው። መስፍን ዳገት ላይ ቆሜ ተራዬን ለማን ልስጥ አለ። ዲንሳ ደገመ። መስፍን ዘፈኑን ከፍ አደረገው። እንግዲህ እኔ በዚያች ሰዓት አውቄያለሁ። ከሥሬ ወንበሩ ግሏል፣ ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ጭኔን ይዞኛል፣ ሦስቱ ኩባያ ከሥሬ እየተናጡ መሆናቸውን ዲንሳ በነገረን ልክ በዓይነ ኅሊናዬ አያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መስፍን፣ ዘይት ጨምሬበታለሁ፣ ቁም። ዲንሳ ይሰማኛል ብዬ ዋጥኩት። ትንሽ ነው የቀረን፣ ጎሬ ስንደርስ ይበርዳል እያልኩ የድስቱን ክዳን በሁለት እጄ ጨምቄ ይዤ ጸለይኩ። የድንጋዩን ዝላይ ሁሉ እቆጥር ነበር። ዳገቱ የዚያን ቀን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም።

ወደ ጎሬ መግቢያ፣ መንገዱ ሜዳ ሲሆንና የገበያተኛው መተላለፍ ሲጀምር፣ መስፍን እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ሞተሩ ግን አልወረደም። እንዲያውም ጨመረ። ሸክም የያዙ ሴቶች ከፊታችን ይሻገራሉ፣ አህዮች አሉ፣ መኪናዋ በራሷ ትሮጣለች። መስፍን ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ከመንኮራኩሩ የተላቀቀው ሞተር እንደ ሰው ጮኸ። እሱን ሳይለቅ በሌላው እግሩ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረግጦ ከአንዲት አሮጊት ፊት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አቆማት። ማርሹን አወጣና ቁልፉን አዞረ። ነቀለው። ቁልፉ እጁ ላይ ነው፣ ሞተሩ ይጮሃል። ጭሱ እርስ በርሳችን እስከማንተያይ ድረስ ሞላ፤ ሰው በበር በመስኮት ዘለለ፣ አንዲት መንገደኛ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ዲንሳ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሬን ይዘህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ አንቀህ አጥፋት እያለ ቢጮህም መስፍን አልሰማውም፤ ዘሎ ወርዶ ራሱን ይዞ ቆሟል። ዲንሳ እኔን በብብቴ አንስቶ አወረደኝ። ወንበሩን ገለበጠ። የአየር ማስገቢያውን ቱቦ በእጁ ነቅሎ ጃኬቱን አጣጥፎ አፉ ላይ ጫነው። ሞተሩ ጃኬቱን ወደ ውስጥ ሳበው፤ እጁ ሸርተት አለና ከጎኑ ያለው የጋለው የቱርቦ ብረት ላይ መዳፉ አረፈ። የመዳፉ ሽታ ከዘይቱ ሽታ ተለይቶ መጣ። እጁን አላነሳም። በሌላው እጁ ጃኬቱን ጎትቶ አወጣና ወደኔ ዞረ።

«ክዳኑን!»

የድስቱን ክዳን ሰጠሁት። የተከፈተው አፍ ላይ ገጠመውና ደረቱን ተጫነበት። ሞተሩ ሦስት አራት ጊዜ አቃሰተ፣ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው እስከ ዛሬ ሕልሜ ውስጥ የሚመላለሰው። ሩቅ ካለ ሱቅ የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። መስፍን ነፍሱ ሲመለስ ያየው ጣሳውን ነው። ጣሳው በዘይት ተሞልቶ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ነበር። ቦጭቆ አወጣውና መሬት ላይ ጣለው፤ ያባቴን ቤት በጣሳ አቃጠለው፣ በጣሳ ሞተር የሚሠራ እብድ አመንኩ እያለ እንባው ይወርድ ነበር። ክንዷ የተሰበረው ሴት ዘመዶች ዲንሳን ከበቡት። እሱ የተቃጠለ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ በደህናው እጁ መለኪያውን ዘንግ አወጣ፣ ጠረገ፣ መልሶ ነከረ፣ አወጣ። ያ ሁሉ ዘይት ተቃጥሎም ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፎ ነበር። ሰው ሁሉ እያየው ዘንጉን እንደያዘ ወደኔ መጣ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔ ከዘጋሁት በኋላ ዘይት የጨመረ ሰው አለ?»

ወንድሜ እያለቀሰ ያየኛል። የሴትዮዋ ዘመዶች ያዩኛል። «እኔ ምን አውቄ» አልኩ። ዲንሳ ዘንጉን ቦታው መለሰና በእግሩ ወደ መቱ መውረድ ጀመረ።

ቱርቦዋ ሞተሯ ተቀይሮ ዳግመኛ ሠራች፤ ዲንሳ ግን አልሠራም። በመጀመሪያው ሳምንት ሹፌሮቹ ዲንሳ ጣሳው አሉት፤ በወሩ ጣሳው ብቻ ሆነ፤ ከዚያ የማንም መካኒክ ሥራ ሲበላሽ ጣሳ ሠራ ማለት መጣ። ዋንዛው ሥር የሚቆም መኪና ጠፋ። መዳፉ ሲድን ጣቶቹ ተጨምድደው ስለቀሩ ትንንሽ ብሎን መያዝም አቃተው። አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት መፍቻዎቹን በጆንያ አስሮ በረንዳዬ ፊት ሲያልፍ አየሁት። ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝና ሄደ። እኔ ዘይት መሸጤን ቀጠልኩ፤ ምርቃት ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፤ ሰውም እትዬ ጥሩወርቅ ቆጥቋጣ ሆነች አለ። መስፍንም ከአምስት ዓመት በፊት ዲንሳን እንደረገመ ሞተ። አልጋው አጠገብ ሆኜ እንኳ አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ማክሰኞ የዚያን ሹፌር ቃል ሰምቼ ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። በነጋታው አጠያየቅኩ። በሕይወት አለ፣ ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ ልጁ ዘንድ ነው አሉኝ። ሐሙስ በባጃጅ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሸብቷል፣ ከስቷል፣ ያችን እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጧታል። አጠገቡ ቲማቲም የተተከለባቸው የወተት ጣሳዎች ተደርድረዋል። አወቀኝ። ሊነሳልኝ ሲሞክር ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩትና ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሦስቱን ኩባያ፣ ወንበሩን፣ ዳገት ላይ የዋጥኩትን ቃል። ስጨርስ፣ ያን ቀን ወንበሩን ሲገለብጥ ብረቱ ላይ የኩባያዬን ቂጥ ክብ የዘይት ምልክት ማየቱን ነገረኝ። ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ፣ ለምንስ አልተናገርክም አልኩት።

«የጠየቅኩዎት እንዲሉት ነው» አለኝ። «እኔ ብናገር ጥፋቱን በሴት አላከከ ይሉኝ ነበር።» ለቅሶዬ እስኪበርድልኝ ጠበቀና የተጨመደደውን እጁን ወደ መቱ አቅጣጫ አነሳ። «ለእኔ ምን ይነግሩኛል እትዬ፣ እኔማ አውቀዋለሁ። የሚነገረው እዚያ ነው።»

ከባጃጁ የወረድኩት መናኸሪያው በር ላይ ነው። ካሴት ቤቱ ዛሬ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል፤ ዋንዛው ተቆርጦ ፎቅ ቆሞበታል። ተራ የሚጠብቁትን ሹፌሮች አንድ በአንድ አየሁ፤ ያኔ የነበረ አንድም ሰው የለም። ያ ማክሰኞ ያየሁት ባለ ሰማያዊ ጭሱ ሚኒባስ ግን ነበረ። ሞተርህን አጥፋ፣ የዘይት መለኪያህንም አውጣልኝ አልኩት። ሳቀ። አልሳቅኩም። ዕድሜዬን አክብሮ ይሆናል፣ አወጣው፤ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ነበር። ዘይት የሸጠለት ሰው መርቆለት እሱም ሁሉንም እንደጨመረው ነገረኝ። ቀንሰው፣ ዳገት እንዳትወጣበት አልኩት። ከዚያ ይህን ያስተማረኝ ጣሳ ያላችሁት ሰው ነው፣ ስሙ ዲንሳ ነው ስለው ግራ ገብቶት አየኝ።

«ማዘር፣ ጣሳ ሰው ነው እንዴ?»

«ሰው ነው» አልኩት። «በመቱ እንደሱ ያለ መካኒክ አልነበረም። ጣሳው ደግሞ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።» ተራ ላይ ከቆሙት ሹፌሮች ጥቂቶቹ ዞር ብለው አዩኝ። የኋለኞቹ ስላልሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።